አንድ ዘብ ለሸምበቆ ወፍና ለአቆስጣ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሁለት ዓመት ተከታትሎ በቀረበት ዘመን፣ ደንገልና ሸምበቆ የከበበው አንድ ሐይቅ በየቀኑ ወደ መሃሉ ይሸሽ ጀመር። ዛሬ ውሃ የነበረው ነገ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃ የነበረው ከነገ ወዲያ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። አውሬዎቹ ሁሉ ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ የሚያዩት ውሃው የት እንደደረሰ ነበር። አይተው ግን አይነጋገሩም። የፈሩትን ነገር በስሙ መጥራት ማን ይወዳል?

የባሰው ነገር የታወቀው በአንድ የችሎት ቀን ነው። አንበሳ በድኩላና በከርከሮ መካከል ለዓመታት የተጓተተውን የግጦሽ ክርክር ሊፈርድ ተቀምጦ «ድኩላ ይቅረብ!» ብሎ አስጠራ። ከርከሮ ቀረበ፣ ድኩላ ግን የለም። ሁለተኛ ተጠራ፤ የለም። ጦጣ ከዛፍ ጫፍ ወጥታ አራቱንም አቅጣጫ ቃኘች፤ ጥንቸል ቁጥቋጦውን ሁሉ አሰሰች። በመጨረሻ አንድ ያረጀ ኤሊ አንገቱን አወጣና፣ «ጃንሆይ፣ እኔ ድኩላ የሚባል በዓይኔ ካየሁ ዓመት አልፎኛል። ሌሎቹ ያዩታል ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለ።

ለካስ ሁሉም እንደዚያው ብሎ ዝም ብሎ ኖሯል። አንድ ወገን ከነዘሩ ሲጠፋ የሚያለቅስለት ቀርቶ መጥፋቱን ልብ ያለ አልነበረም። በችሎቱ ላይ የተቀመጠው አውሬ ሁሉ ጎኑ ያለውን ዞር ብሎ አየ። «ቀጥሎ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በየሆዱ ገባ።

አንበሳ ደነገጠ። ንጉሥ ሲደነግጥ ወይ ይቆጣል ወይ አዋጅ ያወጣል፤ ይሄኛው ሁለቱንም አደረገ።

«ስሙ! ከእንግዲህ በአገሬ ማን ስንት እንደቀረ ሳላውቅ አልቀመጥም! አውሬው ሁሉ በየወገኑ ይለይ፣ በየወገኑም ይቆጠር። ሊያልቅ የተቃረበ ወገን ጎሽ ዘብ ይቆምለታል። ገና ብዙ የሆነው ራሱን ይጠብቅ። ጎሾቹም ከስተዋል፤ ለአንድ ዳርቻ ከአንድ ጎሽ በላይ የለኝም።»

ወገን የመለየቱ ሥራ ለቀበሮ ተሰጠ፤ አፉ አይታሰርም፣ ነገር ይገባዋል ተብሎ። የመቁጠሩ ሥራ ለጅብ ተሰጠ፤ ያልረገጠው ስፍራ የለም ተብሎ። ጅብ እስከ ስንት መቁጠር እንደሚችል የጠየቀ ግን አልተገኘም። ለእያንዳንዱ አውሬ አንድ አንድ ጠጠር በየወገኑ ስልቻ እንዲገባ ተወሰነና ስልቾቹን አህያ እንድትሸከም ታዘዘች። አህያ ከጅብ ጋር ለብቻዋ መንገድ እንደምትወጣ ስትሰማ ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደቁ። የንጉሥ ትእዛዝ ሆኖባት ተሸከመች እንጂ ሹመቱን የወደደችው እንዳይመስላችሁ።

በምዕራቡ ዳርቻ ሁለት ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር። አንዱ የሸምበቆ ወፍ ነው። ከአውራ ጣት ብዙ አይበልጥም፤ ላባው አፈር የመሰለ፣ ለዓይን ምንም የሌለው ፍጥረት ነው። ሲዘምር ግን ውሃ ሊጠጣ የመጣው ሁሉ ጥሙን ረስቶ ይቆማል። ሚስቱ በሸምበቆው ላይ በተሰቀለው ጎጆ ውስጥ አራት እንቁላል ታቅፋለች።

ሁለተኛዋ አቆስጣ ናት። አቆስጣን አይተን አናውቅም የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አይፈረድባችሁም፣ እሷም መታየት አትወድም። ሰውነቷ ረዘም፣ እግሯ አጠር ያለ፣ ጢማም፣ ቡናማ ጸጉሯ ውሃ የማያስገባ፣ ጠልቃ ዓሣና ሸርጣን እየያዘች የምትኖር አውሬ ናት። በሐይቁ ዙሪያ የቀሩት አቆስጣዎች በሙሉ አራት ነበሩ። እሷ አንድ፤ ዓሣ ተከትሎ ወደ ወዲያኛው ዳርቻ የሄደው ባሏ ሁለት፤ ገና ዓይናቸውን የገለጡ፣ መዋኘት ያልጀመሩ ሁለት ልጆቿ ሲጨመሩ አራት። ከዚያ ወዲያ የለም።

የጎሬዋ በር ድሮ ከውሃ በታች ነበር። ጠላት ቢመጣ እንኳ መግቢያውን አያገኘውም። አሁን ውሃው ሸሽቶ በሩ በጠራራ ፀሐይ ራቁቱን ቀረ። በጭቃ ልትደፍነው ሞከረች፤ ጭቃው በግማሽ ቀን ደርቆ ረገፈ። ወተቷ ነጥፎ ልጆቿ እንዳይራቡ ዓሣ መያዝ አለባት፤ ዓሣ ለመያዝ ደግሞ ልጆቿን ትታ ያን ሁሉ ደረቅ መሬት አቋርጣ መሄድ አለባት። በሄደች ቁጥር ልቧ እዚያው በሩ ላይ ይቀራል።

ደግነቱ ጎረቤት ነበራት። ልትሄድ ስትል ቀና ብላ ትጣራለች።

«ወንድሜ፣ ሄድኩ። ዓይንህን ከበሩ እንዳትነቅል፤ አደራ!»

«ሂጂ እትዬ፣ አደራሽ በእኔ ነው። ውልብ ያለ ነገር ካየሁ እጮኻለሁ፤ ሸምበቆ ውስጥ ያለው ዘመዴ ሁሉ ይጮሃል።»

እውነቱን ነበር። የሸምበቆ ወፍ በዓይን አይታይም እንጂ በዚያ ሸምበቆ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ነበር። አንዱ ከጮኸ ሁሉም ይጮሃል፣ አቆስጣም ከውሃው መሃል ትሰማለች። ጅብ አንድ ቀን በሩን ሊያሸት መጥቶ በዚያ ጩኸት ጆሮውን ይዞ ሸሽቷል።

ቆጣሪዎቹ በአንድ ጠዋት ከች አሉ። ቀበሮ ከፊት፣ ጅብ ከመሃል፣ አህያ ከጅብ አምስት እርምጃ ያህል ርቃ ከኋላ። ቀበሮ ገና ሲደርስ አፍንጫውን ወደ ንፋሱ አቀና። የወተት ሽታ መጣለት። ምራቁን ዋጥ አደረገና ጨዋ መሰለ።

«ለዚህ ዳርቻ የተፈቀደው ጎሽ አንድ ነው» አለ፤ «ስለዚህ ሁለታችሁን እናነጻጽራለን። መጀመሪያ በወገን፣ ቀጥሎ በቁጥር። አንተ ጀምር። የለበስከው ምንድን ነው?»

«ላባ» አለ ወፉ።

«የተወለድከውስ እንዴት ነው?»

«ከእንቁላል ተፈለፈልኩ።»

«ወፍ ነህ። ግን ወፍ ነህ ብቻ ብዬ ብተውህ በደል ይሆንብኛል። ከወፍም ዘማሪ ነህ። ከዘማሪም የሸምበቆ ነህ። ከሸምበቆ ዘማሪም ጎጆህን በዚህ ጥግ፣ በእነዚህ ሦስት አገዳዎች መካከል የሰቀልክ ነህ። ልክ እንዲህ ያለ ስንት አለ?»

ወፉ ግራ ገባው። «ልክ እንዲህ ያለማ... እኔ ነኝ።»

«አያ ጅቦ፣ ለሸምበቆ ወፍ አንድ ጠጠር!» አለና ወደ አቆስጣ ዞረ። «አንቺስ እመት?»

አቆስጣ ሌሊቱን ሙሉ ስትዘጋጅበት ያደረችውን በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። «ጸጉር አለኝ፤ ወልጄ አጠባለሁ። ሥጋ በል ነኝ፣ ምግቤን ከውሃ ነው የማወጣው። ወገኔ አቆስጣ ይባላል፤ እኛ የቀረነው—»

«በቃ፣ በቃ! ጸጉር ለብሶ የሚያጠባ። አያ ጅቦ፣ በዚህ አገር ጸጉር ለብሶ የሚያጠባ ስንት አለ?»

ጅብ ሰማይ ሰማይ እያየ አሰበ። «እኔ አለሁ። አህያ አለች። ዝንጀሮው ከነመንጋው፣ አይጡ ከነልጅ ልጁ... ኧረ ይሄ ምኑ ተቆጥሮ ያልቃል!»

«እኔ አይጥ ነኝ እንዴ?» አለች አቆስጣ። «ወፉን አንድ በአንድ ለይተህ ጎጆው ድረስ ወርደህ፣ እኔን ከአገር ምድሩ አውሬ ጋር ትደባልቀኛለህ?»

«ጸጉር የለሽም?»

«አለኝ።»

«አታጠቢም?»

«አጠባለሁ።»

«እና የቱ ጋ ዋሸሁ?» አለ ቀበሮ፣ ፈገግ ብሎ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠጋ አላት። «አጠባለሁ ካልሽ ልጆችም አሉሽ ማለት ነው። ስንት ናቸው? የት ነው ያሉት? ለቁጥሩ እንዲመች ብዬ ነው።»

አቆስጣ አንገቷን ወደ በሩ ልታዞር ስትል ራሷን ያዘች። ልጆቿን ካልነገረች አይቆጠሩላትም፤ ከነገረች ደግሞ ቤታቸውን ለማን እንደምታሳይ የቀበሮ ምራቅ ነግሯታል። «የሉኝም» አለች።

ጅብ በበኩሉ ሥራውን በትጋት ይዞት ነበር። ከጎሬው እስከ ውሃው ድረስ ጭቃው ላይ የታተመውን የአቆስጣ ዱካ እየተከተለ ለእያንዳንዱ የእግር ምልክት አንድ ጠጠር ወደ ስልቻው ይወረውራል። አቆስጣ በቀን አሥር ጊዜ የምትመላለስበት መንገድ መሆኑን ልብ በሉ። ስልቻው እየከበደ ሲሄድ አህያ አላስችል አላትና በሹክሹክታ፣ «አያ ጅቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አራቱ እግር እኮ የአንዷ ነው» አለች።

«ዝም በይ!» አላት ጅብ። «እግር ካለ ባለቤት አለው! የስንቱን እግር ስቆጥር የኖርኩ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

አህያ ጥርሱን አየችና ስልቻውን አመቻችታ ተከተለችው።

በማግስቱ ፍርዱ ተነገረ። የምዕራቡ ዳርቻ የሸምበቆ ወፍ፣ የቀረው አንድ። አቆስጣ ከነወገኗ፣ ስልቻ ሙሉ። ጎሹ ለወፉ ተሰጠ።

ጎሹ ግዙፍ፣ ቀንዱ የተቆለመመ፣ ትእዛዝ ከተቀበለ ቃል የማያልፍ ነበር። መጣና ከጎጆው ሥር ገትር አለ። በዚያው ሰሞን እንቁላሉን እየቃኘ ይመላለስ የነበረው እባብ የጎሹን ኮቴ አይቶ ጠፋ። የወፉ ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ተኛች።

አቆስጣ አመሻሽ ላይ መጣች። «ወንድሜ፣ አንተ እኮ ታውቃለህ። በዚህ ሸምበቆ ውስጥ ስንት እንደሆናችሁ ታውቃለህ፤ እኛም ስንት እንደቀረን ታውቃለህ። እኔ ብናገር ለራሷ ነው ይሉኛል። አንተ አንድ ቃል ብትላቸው...»

ወፉ ጎጆውን አየ። ሚስቱ ተኝታለች። «እነግራቸዋለሁ እትዬ» አላት። «እንዴት አልነግራቸውም? ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።»

ክፋት አልነበረበትም፤ ይሄን ልብ በሉልኝ። በእውነትም ነገ ሊሄድ ነበር። ነገ ሲደርስ ግን ከሐይቁ ዙሪያ አውሬው ተሰብስቦ መጣ። «የወገኑ የመጨረሻ የሆነው ዘማሪ ይሄ ነው?» እያሉ ከንፈር መጠጡለት። ሚዳቋ አለቀሰች፤ ጦጣ ልጆቿን ይዛ መጥታ፣ «ስሙት፣ ነገ ላታገኙት ትችላላችሁ» አለቻቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሸምበቆ ወፍን ቆሞ ያመሰገነው አልነበረም። ዘመረላቸው። በማግስቱም ዘመረላቸው። አቆስጣ ቀና ባለች ቁጥር «ነገ» ይላታል፤ ቀስ በቀስም ዓይኗን ማየት ተወ። ዘመዶቹም ከሸምበቆው ውስጥ ብቅ እንዳይሉ ለመናቸው። «ለእንቁላሎቹ ስትሉ ጥቂት ቀን ድምፃችሁን አታሰሙ» አላቸው። ዘመድ ናቸውና እሺ አሉት።

አራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ውሃው ይበልጥ ርቆ ነበር። አቆስጣ ከትናንት ጀምሮ ወተት ያላገኙ ልጆቿን ትታ መሄድ ግድ ሆነባት። ከሸምበቆው ሥር ቆማ፣ «ወንድሜ፣ ሌላው ይቅር። በሩን ብቻ እይልኝ፤ አደራ» አለችው። ወፉ ለእንግዶቹ እየዘመረ ስለነበር ራሱን በእሺታ ነቀነቀላትና ዘፈኑን ቀጠለ።

ቀበሮ በእንግዶቹ መካከል ነበር። ጭብጨባው ሲደምቅ ቀስ ብሎ ወጣ፣ በደረቀው ደንገል ውስጥ ተሽሎከለከለ፣ በሩ ጋ ደረሰ። ወፉ ያየው ጅራቱ ወደ ጎሬው ሲገባ ነው።

ጮኸ። እንግዶቹ አዲስ ዜማ መስሏቸው አጨበጨቡለት። ወደ ጎሹ ወርዶ በጆሮው ላይ ጮኸ። «ሂድ! እዚያ ነው! እዚያ ጎሬ ጋ ሂድ!»

«የታዘዝኩት ለጎጆህ ነው» አለ ጎሹ። ሳይከፋውም ሳይቸኩልም ነበር ያለው።

«ወገኖቼ! ጩኹ!» አለ ወፉ ወደ ሸምበቆው ዞሮ። ዘመዶቹ ለመጮህ ይሁን ላለመጮህ ሲያመነቱ ጥቂት ቆዩ፤ ራሱ ነበራ ዝም በሉ ያላቸው። ኋላ አንዱ ጀመረ፣ ከዚያ ሁሉም። መቶ ድምፅ በአንዴ ተነሣ። አቆስጣ ከውሃው መሃል ሰማች፤ አፏ ውስጥ የነበረውን ዓሣ ጥላ በዚያ በተሰነጣጠቀ መሬት ላይ በአጭር እግሮቿ ሮጠች።

ስትደርስ ቀበሮ ወጥቶ ሄዷል። ከጎሬው ጥግ አንዱ ልጇ ተጣጥፎ እየተንቀጠቀጠ ነበር። አንዱ ብቻ።

ወፉ ይቅርታ ሊላት ወርዶ አጠገቧ አረፈ። እሷ ግን አልሰደበችውም፣ አላየችውምም። የጎሬውን ግድግዳ ታሸት ነበር፤ ሌላ ጥግ ያለ ይመስል እንደገና ታሸታለች። ያን ማየት ስላልቻለ ተነሥቶ በረረ፤ አንበሳ ችሎት እስከተቀመጠበት ዋርካ ድረስ አላረፈም።

«ጃንሆይ፣ አታለልኩዎ!» አለ ገና ሳይቀመጥ። «የወገኔ የመጨረሻ አይደለሁም፤ በሸምበቆው ውስጥ መቶ እንሆናለን። ቀበሮ ለእኔ ስሜን እየቆራረሰ ለብቻዬ እስክቀር አጠበበው፤ ለአቆስጣ ግን አገር ምድሩን ሁሉ የሚያስገባ ሰፊ ስም ሰጣት። ያን ጊዜ ገብቶኝ ነበር። ስለጠቀመኝ ዝም አልኩ። የአቆስጣ ወገን አራት ነበር። ዛሬ ሦስት ሆኗል።»

አንበሳ ራሱ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ መጣ። ስልቻው ፊቱ ተዘረገፈ። ጅብ፣ «እግር ካለ ባለቤት አለው ጃንሆይ!» ብሎ ሊያስረዳ ሲሞክር፣ አህያ ለመጀመሪያ ጊዜ በጅብ ፊት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ዱካው ሁሉ የእሷ የአንዷ ነው! ለልጆቿ ምግብ ስትመላለስ የረገጠችው ነው! ቆሜ እያየሁ ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት!» አለችና አለቀሰች። ጅብ ከሹመቱ ተሻረ። ቀበሮ ግን ጥሪውን ሳይጠብቅ አገር ለቆ ጠፍቶ ነበር፤ አንበሳ ከዚያ ሐይቅ ውሃ ዳግመኛ እንዳይቀምስ ከለከለው። ይሄ ሁሉ ፍርድ ለአቆስጣ ምን እንደጠቀማት እኔ አላውቅም።

ጎሹ ሃያ እርምጃ ተራምዶ ከጎሬው በር ፊት ቆመ።

በዚያው ሳምንት እባቡ ተመለሰ፣ አራቱንም እንቁላል ዋጠ። ወፉና ሚስቱ ሦስት ቀን አልዘመሩም። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ሐይቁ ሞላ፣ ሸምበቆው ለመለመ፤ ወፎቹ ሌላ ጎጆ ሰቅለው ሌላ አራት እንቁላል ጣሉ፣ አራቱም ተፈለፈሉ። በሸምበቆው ውስጥ ያሉት ዘመዶቻቸውም እንዲሁ ወለዱ። ክረምቱ ሳይወጣ ያ ዳርቻ በዝማሬ ተናወጠ።

አንድ ጠዋት ወፉ ለጫጩቶቹ ትል ይዞ ሲመለስ አቆስጣን ልጇን ዋና ስታስተምር አያት። ጠልቃ ወጣች፤ ልጇም ጠልቆ ወጣ። ወደ ዳር ሲደርሱ ልጁ ጸጉሩን አራግፎ ወደ ጎሬው ገባ። እሷ ግን አልገባችም። ወደ ውሃው ዞራ፣ ሌላ የሚወጣ እንዳለ ሁሉ፣ ቆማ ጠበቀች።

ከዚህ የምንማረው፣ የማይገባንን ጥበቃ በዝምታ ስንቀበል፣ የዝምታችንን ዋጋ የሚከፍለው ቢያልቅ የማይተካው ጎረቤታችን መሆኑን ነው።